ሟች የተባለ አይከፈትም

ሱፍያን አንድ ዕቃ ከእንግዲህ አይሠራም ብሎ ከቆረጠ ጀርባው ላይ በነጭ ጠመኔ «ሟች» ብሎ ይጽፍበታል። አብነት ሰፈር ውስጥ ይሄን የማያውቅ የለም። ሟች የተባለ ቴፕ፣ ሟች የተባለ ሬዲዮ ወደ ላይኛው መደርደሪያ ይወጣል። ብሎኑ ለሌላው ይፈታል፣ ሽቦው ለሌላው ይቆረጣል እንጂ አድነዋለሁ ብሎ የሚከፍተው የለም። የሱቁ ሕግ ነው። ሕጉን ያወጣው ሱፍያን ነው፤ ያፈረሰችው ደግሞ ሚስቱ ሀሚዳ።

ሀሚዳ ከኮምቦልቻ በሙሽርነት ስትመጣ ስለ ሬዲዮ የምታውቀው መክፈትና መዝጋቱን ብቻ ነበር። ምሳ ልታደርስ ወደ ሱቁ ትመጣና ሳህኑን ይዛ ለመመለስ ትቀመጣለች። ሳህኑ ደግሞ ቶሎ አይመለስም፤ ሱፍያን ሥራ ከያዘ እህል ትዝ አይለውም። እሷም ቁጭ ብላ ከማየት ብላ መጀመሪያ ፒንሳ አቀበለች፣ ቀጥሎ ካቻቢቴ ያዘች፣ እያለ እያለ መበየጃው እጇ ገባ። ሱፍያንም አልከለከላትም፤ እንዲያውም ጎበዝ መሆኗን ሲያይ ጥቃቅኑን ሥራ ለእሷ ይተውላት ጀመር። ሰዉ ግን ሌላ ነው። መበየጃ ይዛ ፊት ለፊታቸው ተቀምጣ እያዩዋት «ሱፍያን የለም?» ይላሉ። የለም ስትላቸው «በቃ ሲመጣ እንመለሳለን» ብለው ዕቃውን አስቀምጠው ይሄዳሉ። እሷ ትሠራዋለች፤ ሲመለሱ ሱፍያን ያስረክባቸዋል፤ እሱን አመስግነውና መርቀው ይሄዳሉ። ይሄ ነገር አንጀቷን ያቃጥላት ነበር። ቢሆንም ትስቅ ነበር፤ በዚያን ጊዜ ሳቅ ይቀላት ነበር።

ከዚያ፣ ልጅ ወልደው ካሳደጉ በኋላ፣ የሱፍያን ቀኝ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሐኪሙ የበሽታውን ስም ነገረው፤ እሱ ግን ለማንም አልተናገረም፤ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ መሄድ ጀመረ። ለሚስቱ ሥራ ማካፈሉንም ተወ፤ የቀረበለትን ሁሉ እኔው ልየው ይላል። የሱቁ ሟቾች የበዙት ያን ጊዜ ነው። ሀሚዳ ታያለች። ወፍራም ሽቦ ያለው ይድናል፣ ጥቃቅን ብየዳ የሚፈልገው ሁሉ ይሞታል። ገባት። ግን የባሏ ገመና ነውና ሸፈነችለት።

በ2006 ዓ.ም. ክረምት ላይ የሱፍያን ታናሽ ወንድም ሙስጠፋ መጣ። ሙስጠፋ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ የሞባይል ከቨርና ኢርፎን የሚሸጥ፣ ልብሱ ንጹሕ፣ ምላሱ ፈጣን ሰው ነው።

«ጋሼ፣ ዘመኑ እኮ አለፈ» አለው። «ሰው ዘፈኑን ስልኩ ላይ ይዞ እየዞረ ማን ቴፕ ያሠራል? ሱቁን ለእኔ ልቀቅልኝና አንተ ዕረፍ።»

ሱፍያን ብዙ አላሰበም። «ከዐረፋ በኋላ ይሁን» አለው።

ሀሚዳ እዚያው ወንበሯ ላይ ነበረች። ከሁለቱ አንዱ እንኳ ዞር ብሎ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» አላላትም። ሱቁ ከሄደ ሀሚዳ እንደ ጥንቱ ምሳ አመላላሽ መሆኗ ነው፤ ያውም ምሳ የሚደርስበት ሱቅ በሌለበት።

በማግሥቱ አደይ ለተ ሚካኤል በደጅ አለፉ። እሳቸው ልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ጧፍ የሚሸጡ አሮጊት ናቸው። መዝሙር የሚሰሙበት ሲዲ ማጫወቻቸው ጀርባው ላይ «ሟች» ተጽፎበት መደርደሪያው ላይ አቧራ ከጠጣ ዓመታት አልፈዋል። እሳቸው ግን ባለፉ ቁጥር አንገታቸውን አስግገው «ዛሬስ አልተነሣም?» ሳይሉ አይሄዱም። ሱፍያን «አደይ፣ ሟች ነው አልኩዎት እኮ» ሲላቸው «እኛ ዘንድ ሟች ይነሣል» ብለው ይመልሱለታል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እያለ ሰፈሩ ይስቅባቸዋል።

የዚያን ቀን ግን የመለሰችላቸው ሀሚዳ ናት። «ይነሣል፣ አደይ። አላህ ካለ ይነሣል፤ አንድ የመዝሙር ዲስክ ብቻ ይተዉልኝ» አለቻቸው። ከዘንቢላቸው ያወጡትን ዲስክ ተቀብላ ወንበር ላይ ወጣችና ማጫወቻውን አወረደችው።

«ሟች ነው እኮ» አለ ሱፍያን።

«ሲሞት አላየሁም» አለችና ብሎኑን መፍታት ጀመረች።

ዕቃው በእርግጥ ታሟል። ዲስኩ ይዞራል፣ ግን አያነብም፤ የሚያነበው ሌንስ ደክሟል። ኤሌክትሪክ የሚያከማቹት ካፓሲተሮች አብጠዋል፣ የዲስኩን መሳቢያ የሚጎትተው ላስቲክም ረግቧል። መርካቶ ገብታ ሌንስ ያልጠየቀችበት በር የለም። ሻጮቹ «እትዬ፣ እሱ ድሮ ቀረ! ፍላሽ የሚያጫውት ስፒከር እንስጥሽ» እያሉ ሸኟት። ማታ ኮፒ ቤት ለምትሠራው ልጇ ለጀነት ነገረቻት። ጀነት በኢንተርኔት ፈልጋ ሌንሱን፣ ካፓሲተሮቹንና ላስቲኩን ከቻይና አዘዘችላት። ሀሚዳ በዚያ ላይ ከስልክ ዘፈን በብሉቱዝ የሚቀበል፣ የክብሪት ቀፎ የምታህል ቦርድ አስጨመረች። «ስልክ ገደለው አይደል የሚሉት? ስልኩ ራሱ ይዘፍንበታል» አለች።

ዕቃው ፖስታ ቤት ደረሰ፤ ላዩ ላይ የተጻፈው ግን «ሚስተር በከር» ነው። ጀነት የቤተሰብ ስም የሚለው ቦታ ላይ የእናቷን አባት ስም ሞልታ ኖሯል።

«አቶ በከር የታሉ?» አለ ሠራተኛው።

«አባቴ ናቸው፤ ወሎ ተቀብረዋል። ዕቃው የእኔ ነው» አለችና መታወቂያዋን አስቀምጣ፣ ሳልይዝ ንቅንቅ አልልም ብላ መስኮቱ ሥር ተገተረች። ሰውየው መታወቂያውንና ወረቀቱን ደጋግሞ አስተያየና ሳቀ፤ አስፈርሞም ሰጣት።

ያበጡትን ቀየረች፣ ላስቲኩን አጠለቀች፣ ቦርዷን አሰረች፣ ሌንሱን ገጠመች። ሥራዋን ጨርሳ የአደይን ዲስክ የከተተችበት ቀን ሙስጠፋም ሱቅ ውስጥ ነበር፤ ሜትር ይዞ መስታወት የሚሰቅልበትን ግድግዳ ይለካል። ሱፍያን እጁን እንደ ልማዱ ኪሱ ከትቶ ጥግ ላይ ተቀምጧል።

ዲስኩ ዞረ፣ ዞረና ቆመ። አላነበበም። ደግማ ከተተችው። አላነበበም።

ሙስጠፋ ሳቀ። «እትዬ፣ ምን ታደርጊያለሽ፣ ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል።»

ሀሚዳ ካቻቢቴውን በእጀታው በኩል አዙራ ዘረጋችለት። «እንካ። ወንዱ፣ ና ጨርሰው።»

ሙስጠፋ ካቻቢቴውን አየ፣ እሷን አየ፤ ወደ ሜትሩ ተመለሰ።

አፏ ይናገር እንጂ ልቧ ፈርቶ ነበር። ይሄ ዕቃ ካልሠራ ከእንግዲህ በዚህ ሱቅ ጉዳይ ቃል መተንፈስ እንደማትችል ታውቃለች። አዲሱን ሌንስ ፈታችና ከአሮጌው ጎን አስቀምጣ በማጉያ መነጽር ታስተያይ ጀመር። አዲሱ ላይ ሁለት ነጥቦችን አንድ ላይ ያጣበቀች ትንሽ የብየዳ እርሳስ ጠብታ አየች። አሮጌው ላይ ጠብታ የለም። ልብ ብላ ስታይ ግን እዚያው ቦታ ላይ ቀልጦ የተጠረገ የእርሳስ ምልክት አለ። አንድ ሰው ፋብሪካ ውስጥ ጠርጎታል ማለት ነው። ጠብታዋ ዕቃው መንገድ ላይ በሰበቃ ኤሌክትሪክ እንዳይቃጠል የተደረገች፣ ሲገጠም የምትነሣ መቆለፊያ ብትሆንስ?

መበየጃውን አነሣች። ሱፍያን ብድግ አለ።

«እንዳትነኪው! አዲስ ዕቃ እሳት አይነካውም!»

ይሄም የሱቁ ሕግ ነው። ሱፍያን ከአለቃው የተማረው፣ አለቃውም ከአለቃው። አዲስ ዕቃ እንደመጣ ይገጠማል፤ አዲስ ዕቃ ላይ መበየጃ የሚያሳርፍ ወይ የማያውቅ ነው ወይ አጭበርባሪ። እስከዚያች ቀን ሀሚዳም ይሄን ሕግ አፍርሳ አታውቅም፤ ጠብታዋን ቀድማ ያላየቻትም ለዚህ ነው።

«አሮጌውን ተመልከት፤ ተጠርጓል» አለችው።

«ታቃጥይዋለሽ አልኩሽ! ተይው፤ ሟች ነው።»

ያን ጊዜ ለስንት ዓመት የያዘችው ነገር አመለጣት። «ሟች፣ ሟች፣ ሟች! ስንቱን ልቅበርልህ? እዚያ ላይ የሰቀልከው ሁሉ ሞቶ አይደለም! እጅህ እየተንቀጠቀጠ ነው የገደልካቸው!»

ሙስጠፋ ሜትሩን እንደያዘ ወደ ወንድሙ ኪስ አየ። ሀሚዳ ራሷ ደነገጠች፤ የፈሰሰ ውሃ ግን አይታፈስም። ጎንበስ አለችና የመበየጃውን ጫፍ ጠብታዋ ላይ አሳረፈች። ጠብታዋ ቀለጠች፤ ጠረገቻት። ሌንሱን መልሳ ገጠመች፣ ዲስኩን ከተተች።

ዞረ። ትንሽ አመነታ። ከዚያ የመዝሙሮቹ ቁጥር በማጫወቻው መስኮት ላይ ብቅ አለና የአደይ ለተ ሚካኤል መዝሙር ጥርት ብሎ ወጣ። ሀሚዳ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረገችው። የእስላም ሱቅ ነው፣ የክርስቲያን መዝሙር ነው፣ ለእሷ ግን የዚያን ቀን ከዚያ የሚበልጥ ዜማ አልነበረም። እንባዋ መጣ። አልጠረገችውም፤ ይዩት።

ሙስጠፋ ቶሎ አይሸነፍም። «እሺ፣ ይሄ አንድ ዕቃ ነው» አለ። «በአንድ ዕቃ ሱቅ አይቆምም።»

«ቀና በል» አለችው ሀሚዳ። «መደርደሪያው ሙሉ ነው።»

ሙስጠፋ ወደ ሱፍያን ዞረ። «ጋሼ፣ ቃል ሰጥተኸኛል።»

ሱፍያን ቀኝ እጁን ከኪሱ አወጣና ወንድሙ ፊት፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። እጁ እዚያው ላይ ይንቀጠቀጣል።

«እውነቷን ነው» አለ። «ቃል የሰጠሁህ ይሄን አፍሬ ነው። የሞተው እጄ ነው፤ ሱቁ አልሞተም። አልሰጥህም፣ ሙስጠፋ።» ይሄን ብሎ ነጠላ ጫማውን እየጎተተ ወደ በሩ አመራ።

«ወዴት ነው?» አለችው ሀሚዳ።

«ቤት ልሂድ። እኔ ከእንግዲህ እዚህ ምን እሠራለሁ?»

«ዓይንህ አይንቀጠቀጥም» አለችውና ወንበር በእግሯ ገፋችለት። «ቁጭ በል። አንተ እያየህ ትነግረኛለህ፣ እኔ እበይዳለሁ።»

ሱፍያን ተመልሶ ተቀመጠ። ሀሚዳ ከመደርደሪያው ሌላ ዕቃ አወረደችና ከፊቱ ዘረጋችው። ከዚያ ቀና ብላ በሩ ላይ የቆመውን ሙስጠፋን አየችው።

«አንተ ደግሞ» አለችው፣ «ብርሃን ጋረድክብን፤ ዞር በል!»