ከአቅሟ በላይ የታቀፈች ዶሮ

ሐምሌ ነበር፤ የዚያን ቀን በረዶ ጣለ። ቆርቆሮው ስለሚጮህ አጠገብ ለአጠገብ ቆመን እንኳ አንሰማማም ነበር። ነጎድጓዱ ሲጀምር እትዬ በለጥሻቸው ነጠላቸውን አናታቸው ላይ ጣል አድርገው ሚስማር ፍለጋ ወጡ። ዶሮ ታቅፋ ሳለ መብረቅ ከጮኸ እንቁላሉ ይበላሻል ይባላል። ከሥሯ ብረት ከተደረገ ግን ይተርፋል።

የምንኖረው ከአማኑኤል ዝቅ ብሎ ነው፤ አምስት ቤት፣ አንድ ቧንቧ። እትዬ በለጥሻቸው ዕድሜያቸውን እህል በረንዳ ምስር ሲለቅሙ የኖሩ ሴት ናቸው። ዓይናቸው እየደከመ ሄዶ ነጋዴው “ጠጠር እያሳለፉ ነው” ካላቸው ወዲህ ሐሳባቸው አንድ ነበር፤ ከበረንዳው የሚጠርጉትን ግርድ እየሰጡ ዶሮ ማርባትና እንቁላል መሸጥ። ገብስማዋ ዶሮ ልታቀፍ ስትል የምትችለውን ያህል እንቁላል ከሥሯ አደረጉላት።

ፊት ለፊት ያለችው ሠርኬ ይህን አይታ፣ “እትዬ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይንከሯት፣ መታቀፉ ይለቃታል። ምን ያንቀባርሯታል?” አለች።

“አንቺንስ ማን ነከረሽ?” አሏት።

ይህ በሆነ በማግስቱ ነው በረዶው የጣለው። ሚስማሩን ይዘው ተመልሰው ዶሮዋን ቀና ሲያደርጓት እንቁላሉ በዝቷል። ሠርኬን ጠሩ።

“ቦታ አለ ብዬ የኔንም ጨምሬ ነው፣” አለች ሠርኬ። “ለበዓል ዶሮ የምገዛው በስንት ነው?”

“የትኛው ነው ያንቺ? አውጪው።”

ሁሉም ነጭ፣ ሁሉም ሙቅ ነበር። “እኔ ምን አውቃለሁ፣” ብላ ሄደች።

የራሳቸውን እንዳይጥሉ ፈርተው ሁሉንም ተዉት። ገብስማዋ ክንፏን ብትዘረጋም ማዳረስ አቃታት። ዳር ዳር ያሉት በየተራ በረዱ። በሦስተኛው ሳምንት ስድስት ጫጩት ወጣ፤ የቀረው ገማ። እናታቸው ስድስቱን ይዛ ከአውራውና ከሌሎቹ ዶሮዎች መሀል መዞር ጀመረች። የሚጠጋቸውን አናቱን ትለው ነበር።

ሠርኬ ካርቶን ይዛ መጣች። “አምስት ነበር ያደረግሁት። ለጉርብትናው ስል አራት ይበቃኛል።”

“የትኞቹ?”

“ወፈር ወፈር ያሉት።”

“እናታቸውስ? ወይስ አንቺ ልትታቀፊያቸው ነው?”

“አምፖል አለኝ።”

እየለየች ወሰደች። ሁላችንም ቆመን እናይ ነበር። የቧንቧው ቆጣሪ በሠርኬ ስም ነው።

ገብስማዋ በሠርኬ በር ላይ ስትጮህ ዋለች። በማግስቱ መብራት ጠፋ። ተመልሶ ሲመጣ አራቱም ጫጩቶች ሞተው ነበር። ሠርኬ ካርቶኑን አምጥታ እትዬ በለጥሻቸው ደጃፍ ላይ ወረወረችው።

“ዓይንዎ ነው የበላቸው፣” አለች።

“ዓይን ቢኖረኝማ ያንቺን እንቁላል ለይቼ እጥልልሽ ነበር።”

ሠርኬ የዚያኑ ሳምንት ዶሮ ከግቢው ካልወጣ ቧንቧውን እቆልፋለሁ አለች። የምታደርገው ነገር መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። እትዬ በለጥሻቸው ገብስማዋን ከሁለቱ ጫጩቶቿ ጋር፣ የቀሩትንም ዶሮዎች ጨምረው ዶሮ ተራ ወስደው ሸጡ።

ዛሬ እህል በረንዳ ሌላ ነጋዴ ዘንድ ምስር ይለቅማሉ። ጠጠሩን የሚለዩት በጣታቸው ነው።