የባቲ መንገድና የአባቴ ግራ ዓይን

የወረቀት ካርታ ሲዘረጋ የሚያሰማውን ኮሽታ በሰማሁ ቁጥር ዛሬም ልቤ ድንግጥ ይላል። ልጅ ሳለሁ በአንድ ክረምት፣ አዲስ አበባ ሲኤምሲ ባለው ቤታችን፣ አባቴ እሑድ እሑድ ከምሳ በኋላ ጠረጴዛው ላይ ካርታ ዘርግቶ፣ እኔን አጠገቡ አስቀምጦ፣ ለመስከረም ያሰበውን ጉዞ ያቅድ ነበር። በወጣትነቱ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ ኋላ ትቶት ሃያ ሁለት ሰፈር የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ከፈተ። ምኞቱ እኔንና ታናሽ ወንድሜን አሚንን በጣርማ በር ተራራ አሻግሮ፣ የተወለደባትን ባቲን አሳይቶ፣ ከዚያ ቁልቁል እስከ አፋር በረሃ መውሰድ ነበር።

«አንብቢልኝ እስቲ፣ ከደብረ ብርሃን ቀጥሎ ምን ይላል?» ይለኝ ነበር። እኔም የሚያስተምረኝ መስሎኝ ጮክ ብዬ አነብለት ነበር።

ሐምሌ ላይ አንድ ቀን፣ ዝናቡ አባርቶ አባቴ እየነዳ ከሱቅ ስንመለስ፣ ጃንጥላ የያዘች ሴት ከግራ በኩል አስፋልቱን ስታቋርጥ አየሁና «አባዬ! ሴትዮዋ!» ብዬ ጮህኩ። መኪናው ተንሸራቶ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ቆመ፤ ሴትዮዋ እየተራገመች አለፈች። አባቴ መኪናውን ጥግ አስይዞ ሞተሩን አጠፋ።

«ግራ ዓይኔን ጭጋግ ቢጤ ይጋርደዋል» አለኝ። «ለእናትሽ እንዳትነግሪያት። ከሰማች ባቲ ቀረች ማለት ነው።»

ከዚያች ቀን ወዲህ ካርታውን ማየት ፈራሁ። ሱቅ የሚመጡ ሹፌሮች ስለ ጣርማ በር ገደልና ጉም ሲያወሩ ሰምቼ ነበርና፣ አባቴ ጣቱን በመንገዱ ላይ ባስኬደ ቁጥር እኛን ይዞ ሲወድቅ ይታየኝ ነበር። ነሐሴ ሲጋመስ እማዬ በሶና ዳቦ ቆሎ ማዘጋጀት ጀመረች፣ አሚን ግመል የሚቆጥርበት ደብተር አዘጋጀ፣ እኔ ግን ምግብ አልወርድ ብሎኝ ከሳሁ። እማዬ ግንባሬን እየዳሰሰች «ምን ሆነሽብኝ ነው?» ስትለኝ አፌን እከፍትና የአባቴን ፊት አይቼ እዘጋው ነበር።

መስከረም ላይ፣ በመነሻችን ጠዋት፣ ዕቃው ተጭኖ ሁሉም መኪና ውስጥ ሲገባ እኔ የግቢውን በር ይዤ ቀረሁ።

«ነይ ግቢ እንጂ!» አለች እማዬ።

«አባዬ በግራ ዓይኑ አያይም» አልኩ።

እማዬ ወረደችና ዞራ በእሱ መስኮት በኩል ቆመች። እጇን አነሳች።

«ዞር ሳትል፣ ወደፊት እያየህ ንገረኝ፤ ስንት ጣት ነው?»

አባቴ ሁለት እጁን መሪው ላይ አደረገ።

«ሰዒድ፣ ስንት ነው?»

ቁልፉን ነቅሎ በመስኮቱ ሰጣት።

ሳምንት ሙሉ አላናገረኝም፤ ከገደሉ ይልቅ ያ ዝምታ አስፈራኝ። ከዚያ እማዬ እየጎተተች ሐኪም ዘንድ ወሰደችው፤ ሐኪሙም የግራው ዓይን እንደማይመለስ፣ የቀኙ ግን በጊዜ ከታከመ እንደሚተርፍ ነገረው። ያን ዕለት ከትምህርት ቤት ስመለስ በሩ ላይ ጠብቆ ቦርሳዬን ተቀበለኝ።

ጥቅምት ላይ የእማዬ ወንድም ይማም እየነዳ ሄድን። ጣርማ በር ላይ ከመኪናው አፍንጫ ወዲያ በጉም ምንም አይታይም ነበር፤ አጎቴ አልቦታል፣ እማዬ ዱዓ ታደርጋለች፣ እኔ የአሚንን እጅ ጨምድጄ ይዣለሁ። አባቴ ከጎኑ ተቀምጦ «ማርሽ ቀንስ፤ አሁን ወደ ቀኝ ይጠመዘዛል፤ ፍሬን ላይ አትቁም፤ አይዞህ» እያለ፣ መንገዱን በቃሉ እየነገረ አወረደን። ከባቲ በታች ሜዳው ተገልጦ ወላፈኑ ፊታችንን ሲመታን ትከሻዬን ያዘኝና «ያ ግመል ነው ግራር?» አለኝ።

«ግራር ነው።»

ሳቀ፤ እኔም አለቀስኩ።

ዛሬ የምነዳው እኔ ነኝ፤ መንገዱንም ስልኬ ይነግረኛል። ያኔ ቤታችን ውስጥ ዝም ያለ ልጅ ጨዋ ይባል ነበር። እኔ ግን ልጆቼ ከኋላ ሲንጫጩ አልቆጣም፤ ዝም ሲሉብኝ ነው ጥግ ይዤ ዞር ብዬ የማያቸው።