ፀሐይ ሳይሞቀው ያነሣሁት አንበጣ

በሃምሳዎቹ ዓመታት ወረታ ውስጥ አስተማሪ ሳለሁ፣ ወደ አገሩ ሊመለስ ዕቃውን ከሚሸጥ አንድ ጣሊያናዊ መካኒክ አሮጌ ካሜራ ገዛሁ። ሌንሱ ሰው ለማንሣት የተሠራ አልነበረም። ጥቃቅኑን ነገር ከአፍንጫው ሥር ተጠግቶ የሚያነሣ ነው። ማቆሚያ እግር ስላልነበረኝ በእጄ ይዤ ነበር የማነሣው። ለአንድ ጉንዳን ስል በደረቴ እተኛለሁ፤ ክርኖቼን መሬት ላይ ተክዬ፣ ትንሽ ወደ ፊት ትንሽ ወደ ኋላ እያልኩ፣ ምስሉ ጥርት ሲል ትንፋሼን ውጬ ቁልፉን እጫናለሁ። ጥቂት ከተነቃነቅሁ የጉንዳኑ ዐይን ይደበዝዝና እግሩ ብቻ ይቀራል። ባለቤቴ "ለትል ትሰግዳለህ" እያለች ትስቅብኝ ነበር።

አባቷ ፎገራ ሜዳ ላይ፣ ርብ ወንዝ ዳር የሚያርሱ ገበሬ ነበሩ። አንድ ኅዳር፣ ጤፋቸው ሊታጨድ ሲቃረብ አንበጣ መጣ። ከጣራ ገዳም በኩል እንደ ደመና ተነሥቶ ሲመሽ ማሳው ላይ አረፈ። ወሬውን እንደሰማን ባለቤቴና እኔ በእግራችን ወረድን። ካሜራው እንደ ወትሮው ትከሻዬ ላይ ነበር።

አንበጣን የሌሊት ብርድ ያደነዝዘዋል። ፀሐይ እስኪሞቀው ድረስ መብረር ስለማይችል መግደል የሚቻለው በማለዳ ነው። አማቼ ገና ጎህ ሲቀድ ቅርንጫፍ አደሉንና ቦታ ቦታችንን አሳዩን። ለእኔ በወንዙ በኩል ያለውን ዳር ሰጡኝ።

"ልጄ፣ ሳይሞቀው ጨርሰው" አሉኝ።

መምታት ጀምሬ ነበር። ከዚያ አንዱን አየሁት። የጤፍ ዘለላ አቅፎ፣ ጀርባው ጤዛ ለብሶ፣ ምንም አይነቃነቅም። እንዲህ ረግቶ የጠበቀኝ ፍጥረት አጋጥሞኝ አያውቅም። "አንድ ብቻ" ብዬ ቅርንጫፉን አስቀመጥኩ። ከአንዱ ሌላው እያማረኝ ፊልሙ እስኪያልቅ ድረስ ከተኛሁበት አልተነሣሁም። ከወዲያ በኩል የባለቤቴና የወንድሞቿ ጩኸት፣ እየሞቀው የሚነሣውን ለማባረር የሚመቱት ቆርቆሮ ድምፅም ይሰማኝ ነበር።

ቀና ስል አማቼ አጠገቤ ቆመዋል።

"ምን እያደረግህ ነው?"

"ፎቶ እያነሣሁ ነው፣ አባቴ።"

"ማንን?"

እሳቸው የጣልኩትን ቅርንጫፍ አንሥተው በእኔ ፈንታ ይመቱ ጀመር። ተከትዬ በእጄም በእግሬም ጨፈለቅሁ፤ ግን ፀሐዩ ወጥቶ ነበር። የእኔ ዳር አንበጣ በአንዴ ብድግ አለና ወደ ደህናው ጤፍ ተሻገረ። ቀትር ላይ በዚያ ወገን የቀረው አገዳ ብቻ ነበር።

ማንም አልተቆጣኝም። ባለቤቴ ስንመለስ ወረታ እስክንገባ ከፊቴ ቀድማ ሄደች። ከዚያ በኋላ ትምህርት በሌለ ቀን ሁሉ እየወረድኩ የተረፈውን አብሬ አጨድኩ፣ ወቃሁ። አማቼ እንደ ወትሮው አብልተው፣ መርቀው ይሸኙኛል። ያ ይበልጥ ከበደኝ።

ፊልሙ ጎንደር ታጥቦ ሲመጣ አብዛኛው ደብዝዟል። አንዱ ግን የዐይኑ ሰረዝ፣ የጤዛው ጠብታ፣ አፉ ላይ ያለው የጤፍ ፍሬ ሳይቀር ይታያል። እንዲህ ያለ ፎቶ አንሥቼ አላውቅም። ደስ አለኝ፤ ደስ ማለቴም አሳፈረኝ። ባለቤቴ ብዙ አየችውና "ለአባባ አሳያቸው" አለችኝ።

"በምን ፊቴ?"

"ባነሣህበት ፊት።"

ሄድኩ። አማቼ ፎቶውን ወደ ብርሃን አዙረው አዩት።

"የበላን ይኼ ነው እንግዲህ?"

"አዎ። ይማሩኝ፣ አባቴ።"

"ብትመታው ያ ዳር ይተርፍ ነበር ብዬ አልምልልህም፤ ሰማዩ ሙሉ ነበር" አሉኝ። "ብቻ ዞር ስል አጠገቤ አጣሁህ።"

ፎቶውን ልቀበላቸው እጄን ስዘረጋ ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱት። ከዚያ ወዲህ በሰንበቴውም በገበያውም እያወጡ ያሳዩታል። "ይኼን ያነሣው ልጄ ነው" ይላሉ፤ እንዴት እንዳነሣሁት ግን ለማንም ተናግረው አያውቁም። ሰው እየተቀባበለ ያይና ወደ እኔ ዞሮ "እጅህ ይባረክ" ይለኛል። አሜን ማለት ያቅተኝና መሬት መሬት አያለሁ።