ፊታቸው የረገፈ ጡቦች

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴ ልጅ ቤቲ ሲልቨር ስፕሪንግ ልትገዛ ያሰበችውን አዲስ ታውንሃውስ፣ ከጎረቤት ጋር የተያያዘ ፎቅ ቤት፣ ልታሳየኝ ወሰደችኝ። ከበሩ በላይ ባለ ሦስት ማዕዘን ክዳን፣ ግራና ቀኝ ነጭ ዓምዶች፣ ፊቱ ደግሞ ቀይ ጡብ ነው።

«ጆርጂያን ስታይል ነው፣ አክስቴ። ሰኞ ሳይን ላደርግ ነው» አለችኝ።

ግድግዳውን በጣቴ ሳንኳኳው እንደ ባዶ ካርቶን ጮኸ። ወደ ማዕዘኑ ዞር ብዬ አየሁት፤ ጡብ የተባለው እንደ ብስኩት የሳሳ ልጥፍ ነው፤ ጎኑና ጀርባው ፕላስቲክ። አንገሸገሸኝ። እንዲህ ያለ ነገር ሳይ የሚያንገሸግሸኝ ግን በሌላ ቤት የተነሳ ነው።

ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ቀን ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም በማትርቀው አሌክሳንድሪያ፣ አሮጌው ሰፈር፣ የሚስ ማርገሬትን ቤት አጸዳለሁ፤ ማታ ማታ ሌላው ሰው በልጅነቱ የጨረሰውን ትምህርት እማራለሁ። ቤቱ ጆርጅ የሚባሉ ነገሥታት እንግሊዝን ይገዙ በነበረበት ዘመን፣ በእነሱ ከተሞች አሠራር የተሠራ እውነተኛ ጆርጂያን ነው። ከጎረቤቱ ጋር ትከሻ ለትከሻ የገጠመ፣ ጠባብ፣ ባለ ሦስት ፎቅ፤ መስኮቶቹ ወደ ላይ በወጡ ቁጥር እያጠሩ ይሄዳሉ። ጡቡ አንድ ረጅም፣ አንድ አጭር እየተባለ ተደርድሯል። ምሳዬን፣ ምስር የተቀባ ዳቦ፣ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ስበላ መስመሩን በዓይኔ እከተል ነበር። የአጥሩ ቁጥቋጦ በበጋ የድመት ሽንት ይሸታል፤ እሱን እንኳ ለምጄው ነበር።

በጡቦቹ መሃል ያለው ኖራ አርጅቶ ዱቄት ሆነ። ሚስ ማርገሬት ሠራተኛ ሲፈልጉ እኔ ኮራ ብዬ ግንበኛ አጎቴን ጋሽ ታደሰን አመጣሁ። ስካይላይን የሚባል ሰፈር፣ ቤታቸው ሁለት ዓመት ያኖሩኝ እሳቸው ናቸው። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ከሴትየዋ መደርደሪያ ስለ አሮጌ ቤቶች የሚያወራ መጽሐፍ ተውሼ አንብቤ ነበር።

«ጋሼ፣ ይኼ ጡብ ለስላሳ ነው፤ ኖራ ነው የሚፈልገው። ሲሚንቶ ውሃውን ውስጥ ያስቀረዋል፤ ውርጭ ሲመጣ ጡቡ ይሰነጠቃል» አልኳቸው።

የግንበኛ ማንኪያቸውን ሳያስቀምጡ ሳቁ። «እኔ አዲስ አበባ ፎቅ ስሠራ አንቺ ፊደል አልቆጠርሽም።»

«መጽሐፉ ላይ እኮ...»

«እንግዲያው መጽሐፉ ይምጣና ይለስን። ኖራ እስኪደርቅ ማን ይጠብቃል?»

ሚስ ማርገሬት ወጥተው ጋሼ ሲሚንቶ ያቦኩበትን ባልዲ አዩና እኔን ጠየቁኝ።

«ምን አለች?» አሉ ጋሼ።

«ኖራ ነው ወይ እያሉ ነው።»

«አዎ በያት።»

አዎ አልኩ። አንባቢ ነች ብለው ስለሚያምኑኝ ደግመው አልጠየቁም።

በረዶው ሲቀልጥ ደረጃው ላይ ቀይ ስባሪ አገኘሁ። የጡቦቹ ፊት እንደ ቁስል ቅርፊት ይረግፋል፤ መሃላቸው ያለው ሲሚንቶ ብቻ ደህና ነው። ጠርጌ ቆሻሻ ውስጥ ደፋሁት። በሚቀጥለው ሳምንትም እንዲሁ። ሳምንት በሳምንት፣ ሴትየዋ ሳይነሱ፣ የራሴን ውሸት በመጥረጊያ እሰበስብ ነበር። እጄን ሳሙና አያጠራውም ነበር።

አንድ ቀን ቀደሙኝ። ስባሪውን በመዳፋቸው ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። አልተቆጡም።

«አንቺ እኮ አንብበሽ ነበር» ብቻ አሉኝ።

ሥራዬን አልከለከሉኝም። መጽሐፍ ግን ከዚያ በኋላ አላዋሱኝም። እስከ ዛሬ አሌክሳንድሪያ ከሄድኩ በዚያ መንገድ አላልፍም።

«እንዴት ነው? ወደድሽው?» አለችኝ ቤቲ፣ ቅዳሜ ዕለት። ፊቷ በርቷል። ለዚህ ቤት ስንት ዓመት እንደለፋች አውቃለሁ፤ አዎ ማለት እንዴት ቀላል እንደሆነም አውቃለሁ።

ማዕዘኑ ላይ የላላውን ልጥፍ በጥፍሬ ነቅዬ መዳፏ ላይ አስቀመጥኩላት።

«ሰኞ ፈርሚ፣ አትፈርሚ፤ ቤቱ ያንቺ ነው። እኔ ግን ጡብ ነው አላልኩሽም።»

ከዚያ ወዲህ አልደወለችልኝም። ዛሬ ማክሰኞ ነው።