ለግርዶሹ የሸጥኋቸው ጥቁር መነጽሮች

ያ የፀሐይ ግርዶሽ ያስወጣኝ ሁሉ ቢደመር ይኸው ነው፦ የባጃጅ መሄጃና መመለሻ፣ አንድ የፓስታ ማጥለያ፣ ጭቃ የበላው አንድ ጥንድ ጫማ። የአንድ ዶሮ ዋጋ አይሞላም። በነጋዴ ዐይን ካየነው ኪሳራም አይባል። እኔ ግን ያን ሰሞን ባስታወስሁ ቁጥር ምራቄ ይመረኛል፤ ሬት የነካ ጣት የላስሁ ይመስለኛል።

ፍኖተ ሰላም ላይ የፕላስቲክና የልዩ ልዩ ዕቃ ሱቅ አለኝ። ያ ወረርሽኝ በገባበት ዓመት፣ ለሠርግ ወራት ሚዜዎች ይገዙኛል ብዬ ጥቁር መነጽር በካርቶን አስመጥቼ ነበር። ሰው እንዳይሰበሰብ ተከለከለና ሠርጉ ሁሉ ቀረ። ሚዜ በሌለበት አገር ጥቁር መነጽር ማን ይገዛል? ካርቶኑ ከመደርደሪያው ሥር አቧራ ሲጠጣ ከርሞ ሰኔ ደረሰ። በሰኔ ደግሞ «እሑድ ጠዋት ፀሐይ ትጋረዳለች፣ በባዶ ዐይን እንዳታዩ» ብሎ ሬዲዮ ተናገረ። ካርቶኑን ጎትቼ አወጣሁት።

ሁለት ቀን ሸጥሁ። እንደ ሎተሪ አዟሪ በረንዳ ላይ ቆሜ «ዐይናችሁን ጠብቁ! ዐይን አይገዛም፣ መነጽር ግን ይገዛል!» እያልሁ ጮህሁ። ከመናኸሪያው በኩል ደግሞ አንዱ ከየትም የለቀመውን የራጅ ፊልም በመቀስ እየቆራረጠ ይሸጥ ነበር። የማን ጎድን እንደሆነ በማይታወቅ ቁራጭ ሰዎቹ ተራ በተራ ፀሐይ ይሞክሩበታል፤ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ፊት፣ ላብ በላብ፣ በዚያ የበሽታ ወራት። አየሁትና አንገሸገሸኝ። «ምን ዓይነት ሰው ነው?» አልሁ። ይኸን ስል እጄ ላይ ሦስት መነጽር ነበር።

ቅዳሜ ገበያው ሲበተን፣ ትምህርት ቤት ስለተዘጋ ሥራ የፈታ የፊዚክስ መምህር ሳሙና ሊገዛ ገባ።

«ይኸን ለግርዶሹ ነው የምትሸጠው?»

«ታዲያ ለጨረቃ ነው?»

አልሳቀም። አንዱን አነሣና የሱቁን አምፖል አየበት። «አምፖሉ ይታየኛል» አለ። «አምፖል የሚያሳይ መነጽር ለፀሐይ አይሆንም። እንዲያውም ከባዶ ዐይን ይብሳል። ጨለም ሲል የዐይንህ ብሌን ይከፈታል፤ በሩን ወለል አድርገህ ሌባውን ግባ እንደማለት ነው።»

«ሰው ካቃጠለው ዞር አይልም?»

«እሱ ነው ክፋቱ። አያምም። ውስጡ ሲቃጠል አታውቀውም። በማግስቱ የሰው ፊት ስታይ መሀሉ ጠቁሮ ታገኘዋለህ።»

የራጁም ቁራጭ፣ ሳፋ ውኃ ውስጥ ማየቱም እንደዚያው ነው አለኝ። በጣም ጥቁሩ የበያጅ መስታወት ቢገኝ ጥሩ ነበር፤ ያን ዓይነቱን ግን በከተማው አንድም በያጅ አይዘውም። ከዚያ ከጣሪያው ከተንጠለጠለው ዕቃ አንዱን በጣቱ አሳየኝ፦ የፓስታ ማጥለያ። «ወደ ምሥራቅ የተገለጠ ቦታ ፈልግ። ለፀሐይዋ ጀርባህን ስጥ። ይኸን በትከሻህ ላይ ያዝና ብርሃኑን ነጭ ጨርቅ ላይ ጣለው። በየቀዳዳው አንዳንድ ፀሐይ ታያለህ። ዞረህ እንዳታይ ብቻ።» ሳሙናውን ይዞ ወጣ።

ያን ጊዜ አጎቴ ትዝ አሉኝ።

አጎቴ ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ፣ ከአስፋልቱ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ገባ ብሎ በርበሬና በቆሎ የሚያርሱ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው ግራ ዐይናቸው ውስጥ ገለባ ገብቶ፣ መድኃኒት ዐዋቂ ነኝ ባይ አንድ ነገር ጨምቆበት ጠፍቷል። የቀረችው አንዲቱ ናት። በርሷ ያርሳሉ፣ በርሷ ይዘራሉ። ልጆቻቸው ከዛሬ ነገ መሬቱን ያካፍሉን ብለው ያቺ ዐይን እስክትጠፋ እየጠበቁ ነው፤ ይኸን አጎቴ ራሳቸው ይናገሩታል። በዚያው ቀን ጠዋት ገበያ መጥተው፣ «ሁለት ዐይን ያላችሁ የምታዩትን እኔም በአንዷ ልይ» ብለው መነጽር ገዝተውኛል። ዘመድ ናቸው ብዬ ዋጋም ቀንሼ ነበር።

ደወልሁ።

«ጋሼ፣ ያን መነጽር እንዳያደርጉት። ዐይን ያጠፋል።»

 «ስንት ገባ?» አሉኝ።

«ምኑ?»

«መነጽሩ ነዋ! ጠዋት ሸጠህልኝ ማታ የምትለምነኝ ዋጋው ጨምሮ ቢሆን ነው እንጅ። በበርበሬዬም እንዲህ ሠርተኸኛል። አልመልስም።» ስልኩ ተዘጋ።

የበርበሬው ነገር እውነት ነው። አንድ ዓመት፣ ዋጋው ሊያሻቅብ መሆኑን ቀድሜ ሰምቼ፣ «ጋሼ፣ ይወርዳል እየተባለ ነውና ይሽጡት» ብዬ ከጎተራቸው ጠርጌ ገዛኋቸው። በሳምንቱ ዋጋው እጥፍ ሆነ። ሲጠይቁኝ «የገበያ ነገር፣ ማን ያውቃል» አልኋቸው።

እሑድ ማለዳ፣ ሰማዩ ገና ግራጫ ሳለ፣ ማጥለያውን ይዤ በባጃጅ ወጣሁ። ከአስፋልቱ ወርጄ ወደ ውስጥ ስገባ ጭቃው ጫማዬን ከነካልሲው ይጎትተው ጀመር። ደመና ነበር፤ በልቤ «ይቆይ፣ ይቆይ» እላለሁ። ነጋዴ ነኝና ደመናውን እንኳ ልከራከረው ምንም አልቀረኝም።

አጎቴን አውድማቸው ላይ አገኘኋቸው። ቦታውስ እንከን የለውም፦ ወደ ምሥራቅ ወለል ያለ ሜዳ ነው። ከጎረቤት ጋር ሆነው መሀሉ ላይ ውኃ የሞላ ሳፋ አስቀምጠዋል። አገራችን ግርዶሽ የሚያየው እንዲህ ነው፤ ውኃ እሳቱን ያበርደዋል ይባላል። አጎቴ ደግሞ ጨምረውበታል፦ መነጽሬን አድርገው ሳፋው ላይ ሊያጎነብሱ ነው።

«አንዱ ቢከዳኝ አንዱ ይይዘኛል» አሉኝ።

የሚዜ መነጽር ነው፤ በጎኑ የወርቅ ቀለም አለው። በዚያ ፊት ላይ ሳየው ምን ሸጬ እንደምኖር ገባኝ።

«ጋሼ፣ ያውልቁት።»

«ስንት ትጨምርልኛለህ?»

ጎረቤቶቹ ሳቁ። አንዲት ሴትዮ «እሱ ያለ ትርፍ አንድ ሰዓት ጭቃ አይረግጥም፤ ያዙት መነጽርዎን!» አሉ። ደመናው መሳሳት ጀመረ። መምህሩ የነገረኝን አንድ በአንድ ተናገርሁ፤ ብሌኑን፣ ሌባውን፣ አያምም ያለውን። ስናገር ድምፄ ልክ በረንዳ ላይ እንደምጮኸው ነበር። ማንም አላመነኝም፤ እኔ ብሆንም አላምንም።

ብርሃን ሳፋው ላይ ወጣ። አጎቴ ጎንበስ ማለት ጀመሩ።

«የበርበሬውን አውቅ ነበር» አልኋቸው።

ቀና አሉ።

«ዋጋው እንደሚጨምር አውቅ ነበር፣ ጋሼ። አውቄ ነው የገዛሁዎ። መነጽሩን ግን ሳላውቅ ነው የሸጥሁልዎ። ለሠርግ የመጣ ነው። ፀሐይ አይከለክልም።»

 አጎቴ በዚያ የወርቅ መነጽር ውስጥ ሆነው ብዙ አዩኝ። ከዚያ አወለቁና ዘረጉልኝ።

«አሁን ነው እውነት የተናገርህ» አሉ። «ለዐይኔ ስትል የበርበሬውን ካመንህ፣ መነጽሩ እውነትም ዐይኔን ሊያጠፋት ነበር ማለት ነው።»

ሳፋውን ራሳቸው በእግራቸው ገፍተው ደፉት። ጋቢያቸውን አጥሩ ላይ ሰቀልነው። ሁላችንንም ለፀሐይ ጀርባ አስሰጥቼ ማጥለያውን ከፍ አድርጌ ያዝሁ።

«ፀሐይን በፓስታ ማጥለያ!» አሉ ሴትዮዋ።

ጋቢው ላይ ግን ወጣ። በየቀዳዳው አንዳንድ ትንሽ ማጭድ፤ ሁሉም ወደ አንድ ወገን የዞሩ፣ እያየናቸው የሚቀጥኑ። አውድማው እንደ ምሽት ደበዘዘ፣ ብርድ ብርድ አለ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ የእግዚኦታ ድምፅ መጣ። አጎቴ ወደ ጋቢው ተጠግተው በአንዲቷ ዐይናቸው አንድ በአንድ አዩ። በጣታቸው አንዷን ማጭድ ሊነኩ ሲሉ ጣታቸው ላይ ወጣችባቸው። ዝም ብለው ያዟት። እኔም ማጥለያውን አላወረድሁትም።

ብርሃኑ መመለስ ሲጀምር ጋቢያቸውን አንሥተው ለበሱ። የመነጽሩን ገንዘብ መለስሁላቸው፤ ተቀበሉ። ማጥለያውንም ከእጄ ወስደው እዚያው አስቀሩት። ቤት ግባ አላሉኝም። በእናቴ ወንድም ደጅ፣ በእሑድ፣ እህል ሳልቀምስ ስመለስ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ጥፋተኛ አላደርጋቸውም።

አስፋልቱ ላይ ስደርስ ፀሐይዋ ገና ሙሉ አልሆነችም ነበር። ከቡሬ በኩል የመጣ አይሱዙ አለፈኝ። ከኋላ ጆንያ ላይ አንድ ጎረምሳ ቆሟል፤ መነጽሩ በጎኑ የወርቅ ቀለም አለው፣ አናቱን ወደ ኋላ ጥሎ ሽቅብ ያያል። ሲያልፍ ዐወቀኝ።

«ነጋዴው!» ብሎ ጮኸ። «ጥሩ ዕቃ ነው! ምንም አያቃጥልም!»

«አውልቀው!» እያልሁ በዚያ ጭቃ ጫማ ሮጥሁ። እጁን እያወዛወዘ፣ እየሳቀ፣ መልሶ ወደ ላይ ማየቱን ቀጠለ። መኪናው ታጠፈ።

በዚያ በሁለት ቀን የሸጥሁት አርባ ሦስት ነው። የመለስሁት አንድ።