ጭስ የማይወጣበት ቤት

እሑድ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ጎንደር በተከራየሁት ክፍል ብቻዬን ተቀምጬ ሳለ የጎረቤቴ የእርጥብ ባሕር ዛፍ ጭስ በበሩ ሥር ገባ።

ልጅ ሳለሁ ዳባት ከተማ ስንኖር እናቴን እንዲህ ያለው ጭስ ያስላት ነበር። አንድ ቀን ሳሉ ጠንቶባት ተኛች፤ እሳት ሳይነድ ረፈደ። ጎረቤታችን አያ ታረቀ በሩን ገፋ አድርጎ፣ «ምነው ጭሳችሁ ጠፋ? አገር ለቃችሁ ሄዳችሁ ብዬ እኮ!» አለ።

ሲወጣ «እማዬ፣ እንዲሻልሽ ማገዶውን ተይው» አልኳት።

«ጭስ የማይወጣበትን ቤት ማን ይጠይቀዋል?» አለችኝ። አልገባኝም ነበር።

አሁን የማበስለው በኤሌክትሪክ ነው፤ ሳል የለብኝም። ባለፈው ሳምንት ታምሜ ስተኛ ግን በሬን ያንኳኳ ሰው አልነበረም።

በማግሥቱ፣ ሰኞ ጠዋት፣ የጎረቤቴ ጭስ ቀረ። ስሟን እንኳ አላውቅም፤ ሄጄ በሯን አንኳኳሁ።