ባቡሩ ተነሳ ያልኩ ዕለት

ባቡሩ የኔ ሆነ! ውድ አንባብያን፣ ዘንድሮ ከዚህ የሚበልጥ ዜና የለኝም። ነገሩ የሆነው ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ነው። ውኃ ልቀዳ ስወርድ ሴቶቹ እያዩኝ ስለሚስቁ፣ ልርሳው ብል እንኳ የሚያስረሳኝ የለም።

አጎቴ ደሳለኝ ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ነው የሚሠራው። የእናቴ ታናሽ ወንድም ስለሆነ እሷ አትምረውም፤ "ትኬት ከመብሳት ሌላ ምን ታውቃለህ?" ትለዋለች። ለልደት ሲመጣ ከሰልባጅ ነጋዴ የገዛውን የመጫወቻ ባቡር ይዞልኝ መጣ። ሙሉ ባቡር እንዳይመስላችሁ። ፉርጎ የለው፣ ሐዲድ የለው፤ ጎታቹ ራሱ ብቻ ነው። ቀለሙ ተላልጦ፣ ጭስ ማውጫው ተሰብሮ፣ ጎኑ ላይ የማላውቀው ልጅ ጥርስ አርፎበታል። በባትሪ ይሄዳል ተባለ እንጂ አይሄድም።

"ዝናሽ፣" አለኝ አጎቴ፣ "ወደ ድሬዳዋ እስክመለስ ድረስ ካስነሳሽው ያንቺ ነው። ካቃተሽ ይዤው ሄጄ ለጎረቤቴ ልጅ እሰጠዋለሁ።"

"አንተስ አታስነሳውም?" አለችው እናቴ።

"እኔ የተሳፋሪ ክፍል ነኝ" አላት።

ብሎኖቹን በቢላ ጫፍ ፈታሁ። ባትሪ የሚገባበት ቦታ፣ አሮጌ ባትሪ ፈስሶበት አረንጓዴ ዝገት ይዞታል። በምላጭ ፋቅኩት፣ በሎሚ አሸሁት። መንኮራኩሮቹ ላይ የተጠመጠመ ፀጉር በመርፌ እየለቀምኩ አወጣሁ። ወርቅማ ፀጉር ነው። እናቴ "የማን እንደሆነ ያልታወቀ ፀጉር ቤቴ አይገባም!" ብላ በእንጨት ጫፍ አንስታ ወስዳ ጣለችው።

አሁንም እምቢ አለ። ሞተሩን ስከፍተው ሁለት ጥቁር ነገሮች አየሁ፤ አንዱ አልቆ ፍርፋሪው ብቻ ቀርቷል። አጎቴ አየት አደረገና "ካርቦን ነው፤ እዚህ አገር አይገኝም" ብሎኝ ለስንብት ወደ ዘመድ ቤት ሄደ። ደስ ያለው መሰለኝ።

እኔ ግን ያን ጥቁር ነገር አውቀዋለሁ። ያለቀ የሬዲዮ ባትሪ ሲሰበር ከመሐሉ የሚወጣው፣ ልጆች ሆነን የሰው ግድግዳ የምናበላሽበት ዘንግ ነው! የተጣለ ባትሪ ፈልጌ ሰበርኩና ዘንጉን ልክ እስኪሆን ድንጋይ ላይ እያሸሁ አሳነስኩት። ደህናዎቹን ባትሪዎች ከአባቴ ሬዲዮ አውጥቼ ከተትኩበት። እርርር አለ! ከመደቡ ሥር ተነስቶ እስከ በሩ ሄደ። እኔ ደግሞ ከበሩ አልፌ "ባቡሩ ተነሳ! ባቡሩ ተነሳ!" እያልኩ ግቢውን ዞርኩት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በኛ አገር ሰው ባቡር የሚለው የሞተር ወፍጮውን ነው። የገበሬ ማኅበራችን ባቡር ደግሞ ሞተሩን ከወፍጮው ድንጋይ የሚያያይዘው ቺንጋ ተበጥሶ ከኅዳር ጀምሮ ቆሟል፤ ሴቶቹ እጃቸው እስኪላጥ በድንጋይ ይፈጫሉ። ጎረቤታችን እትዬ ወርቄ ጩኸቴን ስትሰማ እልል አለች። ለታችኛው መንደር ተጣራች፣ ታችኛው ለማዶው ተጣራ። ሳይመሽ ወሬው ሩቅ ካለው ተራራ፣ አሸተን ማርያም ሥር ደረሰ። እኔ ምን አውቄ፤ ባቡሬን ሳስሮጥ አመሸሁ። አጎቴ ከስንብቱ ሲመለስ ተኝቻለሁ።

በማግስቱ ጠዋት አጎቴ ሻንጣውን ይዞ ሲወጣ ደጁ በሴት፣ በአህያና በስልቻ ተሞልቷል። ከፊት የወፍጮው ኦፕሬተር አያ ሲሳይ ጋቢውን እየጎተተ ቆሟል። ከመኝታው ነው ያስነሱት።

"የታለች መሐንዲሷ?" አለ። "እኔ ቺንጋ ከደሴ ስጠብቅ፣ እሷ አስነስታዋለች አሉ!"

እናቴ ራሷን ያዘች። እኔ ባቡሬን ከጉያዬ አወጣሁና "ይሄን ነው ያልኩት" አልኩ።

እማማ ድንቄ ለልጃቸው ሠርግ የሚሆን ስንዴና ገብስ ጭነው ከአሸተን ሥር በጨለማ የተነሱ ሴት ናቸው። ጠጋ ብለው አዩት። "እህሉን በየት በኩል ነው የምናስገባው?" አሉ።

አንዳንዶቹ ሳቁ። አንዷ ግን "ይሄን ሁሉ መንገድ ለአሻንጉሊት!" ብላ ተቆጣች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

"አንዴ መጥተናል፤ በይ አስነሽውና አይተን እንሂድ" አሉ እማማ ድንቄ።

ማብሪያውን ተጫንኩ። ዝም። አጎቴ ባቡሩን አየ፣ ሻንጣውን አየ። ከታች አጎቴ የሚሳፈርበት የወልድያ መኪና ጥሩምባ ጮኸ።

"ባትሪው ብርድ ገብቶት ነው!" አልኩ። አባቴ ለሬዲዮው እንደሚያደርገው ባትሪዎቹን አውጥቼ ድንጋይ ላይ ፀሐይ አሞቅኳቸው። ሴቶቹም ዙሪያውን ቁጭ አሉ።

"የኔን ባቡር እንዲህ ብትታገሡት ምን ነበረበት?" አለ አያ ሲሳይ።

"ከኅዳር ጀምሮ ምን እያደረግን መሰለህ?" አሉት እማማ ድንቄ።

ጥሩምባው ደገመ። አጎቴ "ዝናሽ፣ መኪናው ጥሎኝ መሄዱ ነው" ብሎ ባቡሩን ሊቀበለኝ እጁን ዘረጋ። ይሄኔ እማማ ድንቄ ሻንጣው ላይ ተቀመጡበት። "አንተ ሂድ የኔ ልጅ፤ እኔ እዚሁ ነኝ" አሉት።

ባትሪዎቹን መለስኳቸው። መጀመሪያ አንገራገረ። ከዚያ እርርር ብሎ ግቢውን አቋረጠና ቀጥታ በአህያ እግር መሐል ገባ። አህያው ደንብሮ ስልቻውን ጣለ፣ ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። አጎቴ ሻንጣውን ነጥቆ ቁልቁል እየሮጠ "ያንቺ ነው! ያንቺ ነው!" ይላል። እናቴ ከኋላው "ትኬት መቁረጥ እንዳትረሳ!" ትለዋለች።

ያን ጊዜ በኀፍረት ሞቼ ነበር። አሁን ግን "መሐንዲሷ" ሲሉኝ እውነትም እየመሰለኝ ቀና ብዬ እሄዳለሁ። አባቴ ብቻ ሬዲዮው ዝም ስላለበት "በይ እንግዲህ ዜናውን አንቺ ንገሪኝ" ይለኛል። የወፍጮው ቺንጋም እስካሁን አልመጣም።

ይህን ለጋዜጣ እንደምጽፍ ለእማማ ድንቄ ስነግራቸው፣ "የሚያነቡትንም ለሠርጉ ጥሪልኝ" አሉኝ። ስለዚህ ጋዜጣው ቶሎ ከደረሳችሁ፣ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ባለው እሑድ ከአሸተን ማርያም ሥር ኑ። ሁላችሁም ተጠርታችኋል። ባቡሬም ይገኛል። ብቻ ስትመጡ፣ ካላስቸገርናችሁ፣ ትንሽ ዱቄት ይዛችሁ ኑ።